ልጄን ከበቆሎ ጆንያ ጀርባ ላስደበቁኝ ለክቡር ሰብሳቢ

ለክቡር አቶ ክንፈሚካኤል
የሾላ ምንጭ ከተማ የፀረ አደንዛዥ ዕፅ ግብረ ኃይል ሰብሳቢና የላይ ሰፈር እድር ዳኛ
ሾላ ምንጭ

ጉዳዩ፦ ምስጋና ማቅረብን ይመለከታል

ክቡር ሆይ፣ እንደምን ከርመዋል? ጉልበትዎን እንዴት አድርጎዎታል? ባለፈው ሰልፍ ላይ ድምፅ ማጉያ ይዘው ሲናገሩ ስለዋሉ ጉሮሮዎ ተዘግቷል ሲባል ሰምቼ አዝኜ ነበር፤ ማር በሎሚ አድርገው ቢጠጡበት ይሻልዎታል። ጾሙ ሳያደክምዎ፣ የሰኔው ጭቃ ሳያንገላታዎ፣ ይህ ደብዳቤ በሙሉ ጤንነት እንዲያገኝዎ ምኞቴ ነው። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን እንዳልልዎ ደህና አይደለንም፤ ደህና አይደለንም እንዳልልዎ ደግሞ እርስዎ ባወጡት ደንብ እንዲህ ማለት ያስቀጣል፤ ስለዚህ የራሳችንን ነገር ለጊዜው ልለፈውና ወደ ምስጋናዬ ልግባ።

ስሜ ይሄይስ ነው። ያውቁኛል። ከመናኸሪያው ፊት ለፊት መጋዘን ያለኝ፣ በቆሎና ጤፍ ከገበሬው ሰብስቤ ለቡሬ ነጋዴዎች የማስረክብ እህል ነጋዴ ነኝ። በልጅነቴ ጀምሬ ያቋረጥኩት የቆሎ ትምህርት ቤት ትንሽ የአነጋገር ወግ አስተምሮኝ ስለነበር እርስዎን በሚገባዎ ክብር ለመጥራት እንዳላንስ ተስፋ አለኝ። ዛሬ እሑድ ነው፣ ከቅዳሴ ተመልሰናል፣ መጋዘኑም ዝግ ነው፤ ረጋ ብዬ ቁጭ ብዬ ልጽፍልዎ አስቤ ነበር። ነገር ግን መቀመጡ አልሆነልኝም። በየመሀሉ እየተነሳሁ የማየው ሰው ስላለ ጽሑፌ ወጣ ገባ ቢልብዎ ይታገሡኝ።

የማየው ሰው ልጄ ምናለ ነው። ሃያ አንድ ዓመቱ ነው። እንክብል ይወስዳል፤ መውሰድ ከጀመረ ቆይቷል፤ ልተው ሲልም ይጥለዋል። ቤት ውስጥ እንግዳ ስለማይጠፋ መጋዘኑ ውስጥ፣ ከበቆሎው ጆንያ ጀርባ ፍራሽ ዘርግተንለት እዚያ ተኝቷል። ይህን አንድ ነገር ለመጻፍ እጄ ስንት ጊዜ እንዳመነታ የማውቀው እኔ ነኝ፤ አሁን ግን ተጽፏልና እንቀጥል።

አንደኛ። ስለ ቅጠሉ ሥዕል ከልብ አመሰግናለሁ። ግብረ ኃይሉ እንደተቋቋመ በየአጥሩና በየወፍጮ ቤቱ በር ያስለጠፉት፣ እንደ እጅ መዳፍ ጣቶቹን የዘረጋ ቅጠል የተሳለበት ወረቀት ሕዝባችንን ብዙ አስተምሮታል። ከሥሩ «ይህን ቅጠል ያየ ይንቀል፤ ያበቀለ ይጠቆም» ይላል። ሕዝባችን ታዛዥ ነውና ነቀለ። ችግሩ በእኛ ከተማ እንደ መዳፍ ጣቱን ዘርግቶ በየአጥሩ ጥግ የሚበቅለው ጉሎ መሆኑ ነበር፤ ያ ፍሬውን ወቅጠን ቆዳ የምናለፋበት፣ ምጣድ የምናስስበት የድሮው ጉሎ። ምስክር የሚባለው የግብርናው ባለሙያ «ኧረ ይሄ ጉሎ ነው» ለማለት አፉን ሲከፍት «አንተም ከእነሱ ወገን ነህ እንዴ» ተባለና ዝም አለ። ወጣቱ በሰልፍ ወጥቶ ጉሎውን ከነሥሩ መንግሎ አደባባይ ላይ ከመረው፤ እርስዎም ክምሩ ፊት ቆመው ፎቶ ተነሡ። ፎቶውን አይቼዋለሁ፤ ኮቱ አምሮብዎታል። ወደ ላይ በላኩት ሪፖርት ላይም ይህን ያህል አደገኛ ዕፅ በአንድ ቀን ያስወገደ ከተማ የለም ተብሎ መጻፉን ሰምተን በከተማችን ኮርተናል።

ከሁሉም አጥር ይልቅ ጉሎ የበዛበት የጎረቤታችን የእልፍነሽ አጥር ነበር። ልጆቹ እዚያ ሲነቅሉ ሲስቁ ሲዘፍኑ ዋሉ። እሷ በሩን ገርበብ አድርጋ ቆማ «ንቀሉ፣ ግድ የለም፣ ብቻ ድምፃችሁን ቀንሱልኝ» ስትላቸው እኔ ራሴ ሰምቻታለሁ። ለምን ድምፅ ቀንሱ እንዳለች ያን ቀን አልገባኝም። ወደ እሷ ኋላ እመለሳለሁ።

ሁለተኛ። ስለ ፀጉር ቆረጣው። ሱሰኛ በፀጉሩ ይታወቃል ብለው መናኸሪያው በር ላይ ወንበርና መቀስ አስቀምጠው ጎፈሬ ያበጠረውን ሁሉ ማስላጨትዎ ጥበብዎን ያሳያል። እንዲያው ለነገሩ ያህል፣ ከአዴት የእርሻ ምርምር የዘር በቆሎ ሊያይልን የመጣ አንድ ወጣት ከመኪና እንደወረደ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ተላጭቶ፣ በቆሎውን ሳያይ በዚያው መኪና ተመልሷል። ገበሬው እስካሁን «ያ ጎፈሬው ልጅ መቼ ይመጣል» እያለ ይጠይቀኛል። ይመጣል ብዬ አላስብም።

የእኔ ልጅ ግን ፀጉሩ ሁልጊዜ የተስተካከለ ነው። እናቱ እታለም ፀጉር ሲንጨባረር አትወድም። ስለዚህ ለመጀመሪያው ሰልፍ ጨዋ ልጅ ሲፈለግ «ከአደንዛዥ ዕፅ የጸዳ ትውልድ እንገነባለን» የሚለውን ጨርቅ በአንድ በኩል እንዲይዝ የተመረጠው ምናለ ነበር። እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር። እርስዎ ከወኔ መስሎዎት ትከሻውን መታ መታ አድርገው «እንዲህ ያለ ልጅ የወለደ አባት የታደለ ነው» አሉ። እኔም ከሰዉ መሀል ቆሜ ደረቴ እንዴት እንደተነፋ አልነግርዎትም። አላወቅሁም ነበር ክቡር ሆይ። እርስዎም አላወቁም። እርስዎ ቅጠል ይፈልጉ ነበር፤ ልጄ ኪስ ውስጥ የነበረው ቅጠል አልነበረም።

እንዴት እንደጀመረው ኋላ ነግሮናል። ከሚማርበት ከቡሬ ለእረፍት የመጣ ጊዜ የበቆሎ ወቅት ነበርና ጆንያ ሲጭን ወገቡን አመመው። አንድ ጓደኛው «ቁልፍ» የሚሉትን እንክብል ሰጠው። ለትልቅ ሕመም ሐኪም የሚያዝዘው፣ ካልታዘዘ ግን መሸጥ የተከለከለ ማደንዘዣ ነው። ወገቡም ተሻለው፣ ልቡም ቀለለው፤ ቀኑን ሙሉ ሲሸከም ቢውል ድካም የሚባል ነገር አያውቅም ነበር። እኔም ልጄ ጎበዘ ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር። አንዱ ሁለት ሆነ፣ ሁለቱ ምን ያህል እንደሆነ እንጃ፤ ሀሺሹም ተጨመረበት፤ ትምህርቱን ጥሎ መጣ፤ እኛም ለሰው «ዘንድሮ አርፎ በሚቀጥለው ዓመት ይቀጥላል» አልን።

ይቅርታዎን፤ እታለም ጠርታኝ ተነሥቼ ነበር። ውኃ ጠጣ። አጥሚቱንም ቀመስ አድርጎታል። ላብ በላብ ሆኗል እንጂ ደህና ነው። የቱ ጋ ነበርኩ?

ሦስተኛ። ስለ ማስረጃ አመሰግናለሁ። ያስታውሱ እንደሆነ በመጋቢት ቢሮዎ ድረስ መጥቼ፣ ኮፍያዬን አውልቄ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ ሳሙናና የሞባይል ካርድ የሚሸጥበት ሱቅ «ቁልፍ»ም እንደሚሸጥ፣ የሚገዙትም ገና ጢም ያላወጡ ልጆች እንደሆኑ አመልክቼዎት ነበር። እርስዎም በትዕግሥት አዳምጠውኝ፣ ይህ እንክብል መሆኑን፣ እንክብል ደግሞ መድኃኒት መሆኑን፣ ግብረ ኃይሉ የሚታገለው ዕፅን እንጂ መድኃኒትን እንዳልሆነ አስረዱኝ። ካስፈለገም ማን እንደገዛ በስም ጠቅሼ፣ ምስክር አቁሜ፣ በጽሑፍ እንዳመለክት ነገሩኝ። በስም ጠቅሼ የምናገረው ገዢ አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም ቤቴ ነው የሚያድረው። ዋጥ አድርጌው ወጣሁ። በሩ ድረስ ስለሸኙኝ እግዜር ይስጥልኝ። ሱቁም ይኸው እስካሁን አለ፤ በሩን አዲስ ቀለም ቀብተውታል፣ እርስዎ ያስለጠፉት የቅጠል ሥዕልም በበሩ ላይ ነው።

አራተኛ። ዋናው ምስጋናዬ ይህ ነው፤ ስለ እድሩ ደንብ።

እድር ምን እንደሆነ ለእድር ዳኛ መንገር ድፍረት ይሆንብኛል። ግን ደብዳቤው ግልጽ ስለሆነ ሌላም ሰው ያነበዋል። እኛ ዘንድ እድር የሌለው ሰው ቤቱ ጣሪያ እንደሌለው ነው። ሰው ሲሞትበት ድንኳን የሚተክልለት የለም፣ መቃብር የሚቆፍርለት የለም፣ አስከሬን የሚሸከምለት የለም። ከዚህ ሁሉ የሚከፋው ግን በሕይወት እያለ ሰላምታው መቀዝቀዙ ነው፤ ገበያ ላይ እንኳ ሰው ዓይኑን ያሸሽበታል። እርስዎ ይህን ጠንቅቀው ስለሚያውቁ በጥቅምቱ ስብሰባ ተነሥተው አንድ አንቀጽ አስጨመሩ፦ «ሱሰኛ የተገኘበት ቤተሰብ ከእድሩ ይሰረዛል፤ የለቅሶ ቤቱን ደፍ የረገጠ አባልም ይቀጣል።» ሁላችን እጃችንን አወጣን። የጤና ጣቢያው በር ላይም ሱስ ያለበት ታካሚ ስሙ ለግብረ ኃይሉ እንደሚተላለፍ የሚገልጽ ማስታወቂያ ተለጠፈ። ደንቡ አባቶችን ልጆቻቸውን እንዲጠብቁ ያደርጋል አሉ። እውነትዎን ነው፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጆቻችንን ጠበቅን፤ ከሰው ዓይን ጠበቅናቸው። አንዱ «ልጄ ነቀምቴ አጎቱ ጋ ሄዷል» አለ፣ አንዱ «ሊበን እርሻ ይዟል» አለ፤ እኔ ደግሞ «ምናለ ወገቡን አሞት አርፏል» አልኩ፤ ሁሉም ተማመነ።

እኔ የማውቀው እህል ነው። ነቀዝ የገባበትን ጆንያ አፉን ሰፍቶ ጨለማ ውስጥ ያስቀመጠ ነጋዴ እስካሁን አላጋጠመኝም፤ ፈትቶ ፀሐይ ላይ ያሰጣዋል እንጂ። እርስዎ ግን አፉን እንድንሰፋ አዘዙን፤ እኛም ሰፋን።

አምስተኛ። ስለ እልፍነሽ ድንኳን አመሰግናለሁ። ስሟን የምጠቅሰው ራሷ «ጥቀስ» ብላኝ ነው፤ ይህን ደብዳቤ ልጽፍ እንደሆነ ስነግራት ነጠላዋን አስተካክላ «እንግዲያው የኔንም ጻፈው፣ እንደ ወባ አድርገህ እንዳትጽፈው ብቻ» አለችኝ። አንድ ልጇ ተስፋው የምናለ ጓደኛ ነበር፤ የሚወስዱትም አንድ ነገር ነበር። ጉሎው በተነቀለበት ቀን ተስፋው ከግድግዳው ወዲያ ተኝቶ ነበር፤ ጥሎት ተነሥቶ፣ ምላሱን ነክሶ፣ ራሱን አሞት። ድምፅ ቀንሱልኝ ያለችው ለዚህ ነበር። ወደ ጤና ጣቢያው እንዳትወስደው ማስታወቂያውን አንብባዋለች፤ ልጇ እንኳ ቢድን ከሰው ተራ እንደምትወጣ ታውቃለች። ቤቷ ውስጥ ማር በጥብጣ እያጠጣችው፣ እግሩን በለብታ ውኃ እያጠበችው ሰነበተች። እስኪያርፍ ድረስም ያስታመመችው እሷ ብቻ ናት።

«ወባ ነው» አለች። ወባ ስትል ወዲያው ድንኳኑ መጣ። እኔም ካስማ ከመቱት አንዱ ነኝ። እርስዎም መቃብሩ ላይ ቆመው፣ ተስፋው ጭምት ልጅ እንደነበረ፣ ከመጥፎ ነገር ሁሉ የራቀ እንደነበረ፣ የዘመኑ ወጣት ከእሱ ሊማር እንደሚገባ ተናገሩ። ሕዝቡ አለቀሰ። እልፍነሽ ግን አላለቀሰችም፤ መሬት መሬት ስታይ ነበር። ትናንት ስትነግረኝ ምን እንዳለች ቃል በቃል እጽፍልዎታለሁ፦ «ይሄይስ፣ እውነቱን ብናገር ኖሮ ልጄ ይተርፍ ነበር፣ ድንኳኑ ግን አይመጣም ነበር። እኔ ድንኳኑን መረጥኩ። እግዜር ይይልኝ፣ ድንኳን መረጥኩ።» አልመረጥሽም አልኳት። መቼ አስመረጥንሽ አልኳት። እሷ ግን አልሰማችኝም። ለተተከለው ድንኳን፣ ለተደረደረው ወንበር፣ ለቀረበው ንፍሮ ሁሉ ክቡርነትዎን አመሰግናለሁ፤ እድራችን ልጅ ለመቅበር የሚቀድመው የለም።

አሁንም ተነሥቼ ነበር። ተኝቷል፤ ትንፋሹን አዳመጥኩት። እታለም «ምን ያመላልስሃል፣ እኔ አለሁ አይደል» ብላ ተቆጣችኝ። ምን እንደሚያመላልሰኝ እሷም ታውቃለች፤ እልፍነሽ ለአንድ አፍታ እህል ልትለቅም ወጥታ ስትመለስ ነበር ተስፋውን አርፎ ያገኘችው።

አርብ ዕለት ምናለንም ጣለው። የእህል መመዘኛው አጠገብ ነበር የወደቀው፤ ግንባሩ ተላጠ። እናቱ ራሱን ታፋዋ ላይ አድርጋ ይዛው፣ እኔ በሩን እንዳይጮኽ አድርጌ ዘጋሁ፤ እንዲረዳን የምጠራው ሰው አልነበረም፣ እንዳይሰማን የምፈራው ሰው ግን ከተማው ሙሉ ነበር። የልጄን አፍ አረፋ እየጠረግሁ ጆሮዬ መንገድ ላይ ነበር። አባት ሆኜ፣ ልጄ እግሬ ሥር ወድቆ፣ እኔ የማስበው ስለ ድንኳን ነበር።

ቅዳሜ ገና ሳይነጋጋ በጋቢ ሸፍነን ጠበል ወሰድነው። ጠበሉን አላማም፤ እኔ ራሴ ከብዙ ነገር የዳንኩበት ነው። የጠበሉ አጥማቂ አባ ሃይለ ሚካኤል ሰውነቱን ካጠመቁት በኋላ ጋቢውን ገልጠው ፊቱን አዩትና «ልጁ ምን ሰርቆ ነው የምትሸፍኑት?» አሉን። ቀጥለውም እንዲህ አሉ፦ «እኔ በየዕለቱ አጠምቀዋለሁ፣ እናንተ ግን ለሐኪም አሳዩት። ይህን ነገር በአንድ ጊዜ ሲያቆሙት የሚጥላቸው ልጆች አሉ፤ ቀስ እያለ የሚያወጣቸው ሐኪም ነው። እግዚአብሔር ሐኪሙንም ያውቀዋል እኮ።» ከዚያም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ በጋቢ ተሸፍኖ የመጣው የእኛ ልጅ ብቻ አለመሆኑን ነገሩኝ። እነማን እንደሆኑ አልነገሩኝም፤ እኔም አልጠየቅኋቸውም።

ከጠበል ስንመለስ የሚያስጨንቀኝ አንድ ነገር ቀርቶ ነበር፤ አባቴ። አባቴ ወልደ ዮሐንስ ከእኔ ጋር እንደሚኖሩ፣ ከአልጋ መውረድ ካቆሙም እንደቆዩ ያውቃሉ፤ ላለፈው ፋሲካም መጥተው ጠይቀዋቸዋል። እድሩን ከመሠረቱት አንዱ ናቸው። ዛሬ ከእድር ብሰረዝ ነገ እሳቸውን ማን ይሸከምልኛል ብዬ ስብሰለሰል ነበር የከረምኩት። ሳልነግራቸው ማድረግ ስላልወደድኩ አልጋቸው አጠገብ ተንበርክኬ ሁሉንም ነገርኳቸው። ከዚያ «ስንት ቀን ሆነው?» አሉ። ቆየ አልኳቸው። «እኔን ብለህ ነው ያቆየኸው?» አሉ። እጃቸውን ሳምኩ። «አንተ ልጅ» አሉኝ፣ እኔን ሃምሳ የሞላኝን ሰውዬ፣ «እኔን ወፍም ይብላኝ፤ ልጁን ውሰደው።»

ክቡር ሆይ፣ በጥቅምቱ ስብሰባ እጄን ሳወጣ እንዲህ ያለ ንግግር አልሰማሁም ነበር።

ስለዚህ ምስጋናዬን በተግባር ልገልጥልዎ ወስኛለሁ። ነገ ሰኞ ገበያ ነው። ከደጋም ከቆላም የመጣ ሰው ሁሉ መንገዱን ሲሞላው፣ ልጄን ከመጋዘኑ አውጥቼ፣ ያለ ጋቢ፣ በእግሩ፣ በገበያው መሀል አሳልፌው መናኸሪያ እወስደዋለሁ። ከዚያ በሹፌሩ በዓለምነህ ሚኒባስ ፍኖተ ሰላም፣ ሆስፒታል እንሄዳለን። ከእነሱ በላይ ከሆነም ወደ ላኩን እንሄዳለን። የተደበቀውን ልጅ ሳያስፈቅዱ ማውጣት አይገባምና ምናለን ጠይቄዋለሁ። «አባዬ፣ ሰው ያየኛል» አለ። ይይህ አልኩት። ፊቱን ወደ ጆንያው አዞረ፤ አለቀሰ መሰለኝ። ከዚያ «እንግዲያው ነጩን ሸሚዜን እማዬ ትጠብልኝ» አለ። ይህን ስጽፍ ሸሚዙ ግቢያችን ገመድ ላይ ተሰጥቷል። ዝናብ እንዳይመጣ ሰማዩን እያየሁ ነው።

ከክቡርነትዎ የምለምነው ቀላል ነው። ደንቡ ደንብ ነውና ስሜን ይሰርዙት፤ አንድም ቀን እንዳይዘገይ። ግን በጓዳ አይሰርዙኝ። ድምፅ ማጉያዎን ይዘው ገበያ ይውጡና «ይሄይስ ሱሰኛ ልጅ ስላለው ከእድር ተሰርዟል፤ ልጁንም ሆስፒታል እየወሰደው ነው» ብለው ያስነግሩልኝ። ሁለተኛውን እንዳይረሱት አደራ። በዚያ ገበያ ውስጥ ልጅዋን ከጆንያ ጀርባ፣ ከጭድ ቤት፣ ከቆጥ ሥር ያስተኛች እናት ሆስፒታል የሚለውን ቃል ከእርስዎ አፍ ብትሰማ፣ ጉሎ ሲያስነቅሉ ከዋሉበት ሁሉ ይበልጥ ያጸድቅዎታል። ጉሮሮዎ እምቢ ካለም ግድ የለም፣ ማጉያውን ለእልፍነሽ ይስጧት። የምትናገረው አላት።

አባቴን በተመለከተ አይጨነቁ። ሰዓታቸው ሲደርስ እልፍነሽ በራስጌ እይዛለሁ ብላኛለች። አባ ሃይለ ሚካኤልም ፍታት በእድር ደንብ አይከለከልም ብለውኛል። ምናለ ደግሞ እስከዚያ ወገቡ ይድንለታል፤ እሱም አንድ ትከሻ ነው። ከቁጥር ብንጎድልም ሬሳው ከመሬት ይነሣል።

ላደረጉልን ሁሉ ቃላት ያጥረኛል። ቅጠሉን ስላሳዩን፣ ፀጉሩን ስላስላጩልን፣ የሞቱትን በወግ ስለቀበሩልን፣ ያልሞቱትን ስላስደበቁን፣ ከልብ አመሰግናለሁ።

እስከ ነገ ረፋድ ድረስ የእድርዎ ታማኝ አባል፣
ከዚያ ወዲያ የምናለ አባት ብቻ፣

ይሄይስ ወልደ ዮሐንስ
እህል ነጋዴ

ግልባጭ፦
ለወፍጮ ቤቱ በር፣ ከቅጠሉ ሥዕል አጠገብ
ለጤና ጣቢያው ማስታወቂያ ሰሌዳ
ከመናኸሪያው ጀርባ ላለው፣ ሳሙና ብቻ ለሚሸጠው ሱቅ
ለእኅታችን ለእልፍነሽ፣ በእጅ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ዓለምነህ የነገውን ጉዞ ሌላ ሰው ሳይጭን ለእኛ ትቶልናል። እኛ የምንይዘው የኋላውን ወንበር ነው፤ ሌላው ባዶ ነው። ይህን ለምናለ ስነግረው «ከእኔ የባሰበት አለ፣ እሱንም ውሰዱት» ብሎ አንድ ስም ነግሮኛል። የግብረ ኃይሉ አባላት ከሆናችሁት የአንዳችሁ ልጅ ነው። ለዓለምነህም፣ ለእታለምም አልነገርኩም፤ እዚህም አልጽፈውም። ወንበር ግን ይዤለታለሁ። ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ ይህን ደብዳቤ ለአባላቱ ሁሉ እንዲያነቡላቸው፣ አንብበው ሲጨርሱም እርስዎም እነሱም ስብሰባ ሳትቀመጡ በየቤታችሁ ገብታችሁ ልጆቻችሁን ደህና አድርጋችሁ እንድታዩአቸው እለምናለሁ። የምንነሣው ሦስት ሰዓት ላይ ነው። ከእናንተ አንዱ ልጁን ይዞ እየመጣ ከሆነ ግን እስኪደርስ እንጠብቀዋለን።